ቦዲው የተነሣ ዕለት

አባቴ ትቶልን ከሄደው ሁሉ ትልቁ ግቢያችን ውስጥ ከግራሩ ሥር የቆመው አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። በወባ መከላከል ሥራ ላይ ሳለ ለዓመታት ሲነዳው ኖሮ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግደው በጨረታ ገዛው። እሱ ካረፈ በኋላ የመኪናው ጎማ ተንፍሶ መሬት ነካ፤ ዶሮዎቻችንም ጋቢናው ውስጥ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

በ1981 ዓ.ም. እናቴ መኪናው ተሠርቶ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እንዲያመላልስልን ቆረጠች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ናዝሬት አንድ መሥሪያ ቤት ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዓይነ አፋር ነበርኩ። ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አለሁ» የምለው ከአጠገቤ ያለው ሰው በማይሰማው ድምፅ ነበር። ቢሆንም የአባቴ ወዳጅ ወደነበረው ወደ አብዱናሲር ጋራዥ የተላክሁት እኔ ነኝ።

አብዱናሲር ጉዳዬን ሰምቶ አንድ የጭነት መኪና ሥር የተኛ ወጣት ጠራ። «ጌጡ፣ የአባቷን የሰብስቤን መኪና ሂድና እይላቸው» አለው። ወጣቱ ተስቦ ወጣ። እጁ በዘይት የጠቆረ ስለነበር ለሰላምታ አንጓውን ዘረጋልኝ። የያዝኩትን አንጓ መቼ መልቀቅ እንዳለብኝ ጠፋኝ። እሱም ሳያስለቅቀኝ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ መጥቶ መኪናው ሥር ገባ፤ በመፍቻ ጫፍ እየነካካ ቆይቶ ወጣ።

«ላዩ ደኅና ነው፣ እትዬ» አላት እናቴን። «ቦዲው አልሙኒየም ስለሆነ ዝገት አይበላውም። የተበላው ከሥር የተሸከመው ሻንሲ ነው። እሱን ለመበየድ ደግሞ ቦዲውን እንዳለ ማንሣት ግድ ነው።»

እናቴ መኪና ለሁለት ይከፈላል ብላ አስባ ስለማታውቅ ደነገጠች። እሱ ሳቀና፣ መልሶ እንደሚያገናኘው ቃል ገባላት።

ሥራው ጋራዥ ሳይሆን እኛ ግቢ እንዲሆን የፈለገው አብዱናሲር ነበር። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። ከቢሮ ስመለስ ልብሴን ቀይሬ አጠገቡ እቆማለሁ። የሚፈታቸውን ብሎኖች እየተቀበልኩ ከየት እንደወጡ እንዳይጠፋብን በየጨርቁ እቋጥራለሁ። አንዳንዱ ብሎን ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ናፍጣ ይቀባውና እስኪለሰልስ ወንበሩ የወጣለት ጋቢና ወለል ላይ ቁጭ እንላለን።

«ዩኒቨርሲቲ ምን አስተማሩሽ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ስታትስቲክስ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«መቁጠር ነው» አልኩት።

«አራት ዓመት ሙሉ መቁጠር?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ብሎኖቼ ደኅና እጅ ላይ ወድቀዋል።»

ሳቅሁ። እናቴ ከቤት ብቅ ብላ አየችን፤ ለረጅም ጊዜ ስስቅ አልሰማችም ነበር።

እውነተኛ ስሙን የነገረኝ እዚያው ጋቢና ውስጥ ነው። የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከአጥራችን ውጭ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና እንዲመዘገቡ እየጠራ ሲያልፍ፣ እጁ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። ድምፁ እስኪርቅ ጠብቆ ስሙ ጌጡ ሳይሆን ጉደታ ኢተፋ መሆኑን ነገረኝ። ከሕፃንነቱ አዋሽ አጎቱ ዘንድ አድጎ እዚያው መካኒክነት ተማረ። ታላቅ ወንድሙ ዘምቶ ሲቀር ግን አባቱን ለማገዝ ወለንጪቲ አጠገብ ወዳለው ቀያቸው ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ የገበሬ ማኅበሩ እሱንም መለመለው። ተነሥና ሂድ ያለው አባቱ ራሱ ነበር። ጌጡ የሚለውን ስም ከነመታወቂያው ያገኘለት አብዱናሲር ነው። ጋራዡ እየተፈተሸ ስላስቸገረ ደግሞ ከእኛ አጥር ጀርባ ሸሸገው።

«አሁን ታውቂያለሽ» አለኝ። «ብትፈሪ አልቀየምሽም።»

ወለሉ ላይ የነበረውን የናፍጣ ጣሳ ብቻ አንሥቼ ሰጠሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ ልቤ አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ጀመር፤ ሥራው እንዳያልቅ። ካለቀ ወዴት ይሄዳል? ከተያዘ ወደ ሰሜን ነው፣ ወንድሙ ወደሄደበት። ብሎኑን ነካ አደርግና «ይኼ ገና አልለሰለሰም፣ ለነገ ይደር» እለዋለሁ። እሱም ነካ ያደርገዋል። በጣቱ የሚዞር ብሎን እንኳ ቢሆን «ልክ ነሽ፣ ይደር» ይለኝ ነበር። ስለ ፍቅር የተነጋገርነው ይህንኑ ብቻ ነው።

መሪው ተፈታ፣ ሽቦው ተለያየ፣ የነዳጅ መያዣው ሳልባትዮ ወረደ። ቦዲውን ማንሣት ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ሥራ አይደለም። እናቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጎረቤት ወንዶችን ጠራች። ለምሳም ዶሮ አሳረደች። ጉደታ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት ረጃጅም አጣና በበሮቹ አሳለፈና ወንዶቹን በግራና በቀኝ አቆማቸው። በአንድ ድምፅ ሲያነሡት ቦዲው ቀስ ብሎ ለቀቀ። ቃሬዛ እንደሚሸከሙ ሰዎች እየተጠነቀቁ ወስደው ከአጥሩ ሥር በርሜሎች ላይ አሳረፉት። ከግራሩ ሥር የቀረው አጽሙ የወጣ ሻንሲ፣ ሞተሩና ጎማዎቹ ነበሩ።

ምሳ ቀረበ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ቤት ክፍል የተከራዩ የእህል ነጋዴ፣ አቶ ፉፋ ነበሩ። ትከሻቸውን እያሹ፣ ክንዳቸው የዛለው በመኪናው ብቻ እንዳልሆነ ተናገሩ።

«ትናንትም ወለንጪቲ ሬሳ ተሸክሜ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ነፍስ ይማር። ማን ሞቶ ነው?» አለች እናቴ።

«ኢተፋ የሚባል ገበሬ። ጤፍ የምገዛው ከእሱ ነበር። ደግ ሰው! አንዱ ልጁ ዘምቶ ቀረ፤ ሌላው ከምልመላ ጠፋ ይላሉ። ወንድ ልጅ አፈር ሳያለብሰው፣ ሴቶች ልጆቹ ብቻቸውን አልቅሰው ቀበሩት።»

ሁሉም «ነፍስ ይማር» አሉ። ዓይኔን ወደ ጉደታ ማንሣት ፈራሁ፤ አነሣሁት። እጁ ትሪው ላይ ነበር። «ነፍስ ይማር» አለ እሱም፤ እንደማንኛውም መንገደኛ።

በእኛ አገር መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ቢወድቅ የሚደግፈው ቆሞ። አቶ ፉፋ ምን ያውቃሉ። እናቴም አታውቅም። ሥራው ስላማረላት ደስ ብሏት፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ «ዛሬ የደከምከው አንተ ነህ፣ ልጄ» ብላ ወደ አፉ ዘረጋችለት። ሰው እያየው እምቢ ሊል አልቻለም። ጎረሰ። ሲያኝክ አየሁት። ሲውጥም አየሁት።

ከዚያ ሥራ እንዳለው ሰው ተነሥቶ ወደ ሻንሲው ሄደ፤ ከሥሩም ተኛ። ግን ሻንሲው ላይ የሚሸፍነው ቦዲ አልነበረም፤ በብረቶቹ መሐል ፊቱ ለሁሉም ይታያል። ተነሣና ዞር አለ። መጨረሻ ላይ ከአጥሩ ሥር ሄዶ በርሜል ላይ ከተቀመጠው ቦዲ በታች ገባ። ወንዶቹ ጠላቸውን እየጠጡ ሲጫወቱ ውኃ የማደርስ መስዬ ተከተልኩት።

ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። እንባ አልነበረውም።

«አፌ ውስጥ እንጀራ ነበር፣ የሺ» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። እጁን ያዝኩ፤ በዚያን ጊዜ ዘይቱን አላየሁትም።

መሄድ እንዳለበት፣ ነገ ሠልስቱ እንደሆነ፣ እህቶቹ ብቻቸውን ድንኳን ውስጥ መቀመጣቸውን ተናገረ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ለቅሶው ላይ እንደሚጠብቁት ነገርኩት። ያውቃል። ጭንቅ ሲለኝ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቃል ከአፌ ወጣ።

«እኔ ልሂድልህ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለቅሶ ደራሽ ማን ነሽ ተብሎ አይጠየቅም። ለእህትህ በጆሮዋ ደኅና መሆንህን እነግራታለሁ። ለአባትህም አለቅስልሃለሁ። አንተ ብቻ እዚህ ቆይልኝ።»

«ታላቋ ሙሉዬ ትባላለች» አለ በመጨረሻ።

በማግስቱ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወጣ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ማን ሞቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሰው አባት አልኳት። ወደ ግቢው ዞር ብላ ቦዲውን፣ ከዚያም ፊቴን አየች። ትናንት ያላየችውን አሁን አየችው መሰለኝ።

«ያጎረስኩበትን እጄን በቆረጠው» አለች፤ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ መንገድ ለቀቀችልኝ።

ከወለንጪቲ ትንሽ ገባ ብሎ ድንኳኑን አገኘሁት። ሴቶቹ መሐል ገብቼ አለቀስኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት፤ አይቼው ለማላውቀው ሰው፣ ለልጁም፣ ለራሴም። ጋብ ሲል ወደ ሙሉዬ ተጠግቼ የተላክሁበትን በጆሮዋ ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እጄን ብቻ ነጠላዋ ሥር ወስዳ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው፤ ከአጠገቧም እንዳልነሣ አደረገችኝ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከመንገዱ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ያ አባ ኮ!»

በኦሮምኛ «አባቴን!» ብሎ የሚጮኽ የወንድ ድምፅ ነው። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ግን እንደዚያ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተነሣ። ጉደታ ኮፍያ የለውም፤ ደረቱን እየመታ ገባ። መሬት ሊወድቅ ሲል ወገቡን ይዘው የደገፉት ሁለት ወንዶች ናቸው። አንደኛው ጠመንጃ በትከሻው ያነገተ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂ ነበር፣ ገርባ የሚባል።

ጉደታ አልቅሶ እስኪወጣለት ገርባ ደገፈው። ፊቱን እንዲታጠብ ውኃ አፈሰሰለት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠ። ድንኳኑ ሳይነሣ ሰው ከለቅሶ ላይ እንደማይወሰድ ሁሉም ያውቃል፤ ድንኳኑ ደግሞ በዚያው ቀን እንደሚነሣም ሁሉም ያውቃል።

ከድንኳኑ ጀርባ ለጥቂት ጊዜ ለብቻችን ቆምን።

«ቆይልኝ ብዬህ ነበር።»

«ቆየሁ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ቆየሁ። ማልቀስ ግን አቃተኝ። እዚያ ጌጡ ነኝ፣ የሺ። ጌጡ አባት አልሞተበትም።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ዓይኑ ማበጡን፣ ትንፋሹ ግን ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማረፉን ሳይ ቁጣዬ ጠፋብኝ።

ወደ ማታ ድንኳኑን ፈቱት። ገርባም ከሌሎቹ ጋር ገመዱን ጠቀለለ፣ ሸራውን አጣጠፈ። ሲጨርስ እጁን አራግፎ ጠመንጃውን አነሣ።

«ጉደታ፣ እንግዲህ እንሂድ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የእኔም ልጅ ሄዷል። በእኔ አትዘን።»

ጉደታ እህቶቹን አንድ በአንድ ሳማቸው። ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ወዳለበት እስከ አስፋልቱ ድረስ የሚሸኘው የቤተ ሰብ ሰው ብቻ እንደሆነ ገርባ ተናገረ፤ ብዙ ሰው ከተከተለ አለቆቹ ይቆጣሉ። ሰዉ ወደ ኋላ ቀረ። እኔ አልቀረሁም።

«አንቺስ፣ እህቴ? ምኑ ነሽ?» አለኝ ገርባ።

የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሚስቱ ነኝ» አልኩ።

ጉደታ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ቀና አለ።

«ሚስቱ ናት» አለች ሙሉዬ ከኋላዬ። «ጥዋት ያመጣት የእግዜር መልአክ ነው።»

ገርባ ራሱን ነቀነቀና ቀደም ብሎ መራመድ ጀመረ። ሆን ብሎ ይመስለኛል፣ ራቀልን። በማሽላው እርሻ ዳር ጎን ለጎን ሄድን። ብዙ የምናገረው የነበረኝ ይመስለኛል። የተናገረው ግን እሱ ነው።

«ሳልጠይቅሽ እሺ አልሽኝ።»

«ልትጠይቀኝ ነበር?»

«ሻንሲው ተበይዶ፣ ቦዲው ሲመለስ ልጠይቅሽ ነበር» አለ። «መጀመሪያ ሥራዬን እትዬ ይዩት ብዬ።»

አስፋልቱ ላይ መኪናው ቆሞ ነበር። ሌሎች ወጣቶች ላዩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ልጆች ናቸው። ከመውጣቱ በፊት እጁን ዘረጋልኝ። በዚያን ቀን እጁ ንጹሕ ነበር። መኪናው ሲነሣ አልጮኽኩም፣ አልሮጥኩም፤ አቧራው እስኪረጋ ብቻ ቆምኩ።

እናቴ ሻንሲውን የሚበይድላት ሌላ ሰው አልፈለገችም። ከጊዜ በኋላ ቦዲውንም ሻንሲውንም ለየብቻቸው ለተለያዩ ሰዎች ሸጠቻቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙ ወታደር በእግሩ እየተጎተተ በናዝሬት አለፈ። ሙሉዬና እኔ መንገድ ዳር ቆመን ያለፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን አየን። እሱ ከመሐላቸው አልነበረም። አየሁት ያለንም፣ ሞቷል ያለንም ሰው አላገኘንም።

ዛሬም ለበዓል ወለንጪቲ እወርዳለሁ። የሙሉዬ ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ «የአጎታችን ሚስት መጣች» እያሉ ይሮጣሉ። አላርማቸውም።