ማንጎ ማንጎ ይላል

«አማስዪው እንጂ! ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ እንዴ?» አለች ልጆቹ ጀነራሏ የሚሏት የዶርሙ አለቃ።

ሳቂታ የመጥረጊያውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ባልዲው ውስጥ አንድ ዙር አዞረችው። ከሥር የተኛው ነገር ተነሣ፤ ሽታውም አብሮ ተነሣ። ከትናንት ምሳ የተረፈ ሾርባ፣ ረግቶ ውሃው የተለየ ወተት፣ የሰርዲን ዘይት፣ ጥሬ እንቁላልና ግማሽ ቱቦ የጥርስ ሳሙና አንድ ላይ ሆነው ቀለሙ የማይታወቅ ነገር ወጥቷቸዋል። ላዩ ላይ አንድ ረጅም ፀጉር ይዞራል። የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሳቂታ አፍንጫዋን በትከሻዋ ሸፍና በአፏ ለመተንፈስ ሞከረች፤ እሱ ደግሞ የባሰ ሆነ። ሽታውን የቀመሰችው መሰላት።

«ቀጥኗል» አለች መነጽር። እሷ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አዘገጃጀቱን የምታነብ ናት። «እዚህ ላይ ‹እንደ ቀንድ አውጣ ልሃጭ የሚሳብ› ነው የሚለው።»

በዶርም ስድስት መጽሐፉ ከተባለ መጽሐፉ አንድ ነው፤ «ዝቅዝቅ ግንብ»። ልጆቹ አራቱንም ክፍሎች ሽፋናቸው እስኪገነጠል አንብበዋቸዋል። እውነት እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ያስቃል። ስለ አንድ የአስማት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ግንቡ የተሠራው ተገልብጦ ስለሆነ ተማሪዎቹ እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ይማራሉ። የርእሰ መምህሩ ጢም ውስጥ ዶሮ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ሰውየው በተቆጣ ቁጥር እንቁላል ከአገጩ ወደ ላይ ይወድቃል። የዶርም ስድስት ልጆችም የሚኖሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ልዩነቱ የእነሱ ጣሪያ በቦታው መሆኑና ሽንት ቤታቸው መደፈኑ ብቻ ነው።

በመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ አዲስ ተማሪ ሲመጣ አንድ ኩባያ «የመግቢያ ጭማቂ» ይሰጠዋል። የወጥ ቤቱ መንፈስ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አይዞህ፣ ማንጎ ማንጎ ይላል» ይለዋል። ልጁ አምኖ ይጠጣል። ወዲያው ጆሮዎቹ አድገው፣ አድገው፣ ብርድ ልብስ ያክላሉ። ልጁም ተጠቅልሎባቸው ይተኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ዶርም ስድስትም የመግቢያ ጭማቂ ጀመረ። ሕጉ አጭር ነው። መጨረሻ የጠጣችው ልጅ ኩባያውን ለአዲሷ ልጅ ታቀብላለች፣ «ማንጎ ማንጎ ይላል» ትላለች፣ ሌላው ይስቃል።

ባለፈው ዓመት የጠጣችው ሳቂታ ነበረች። ኩባያውን ያቀበለቻትም፣ ማንጎ ማንጎ ይላል ያለቻትም መነጽር ናት። ጠጣች። ወደ ቧንቧው እየሮጠች ሳለ ሳትደርስ ቀርታ የገዛ ፎጣዋ ላይ አስመለሰች። ክፍሉ በሳቅ ሲፈነዳ እሷም እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች። ሳቂታ የተባለችው ያን ዕለት ነው። ፎጣውን ጥላው ለእናቷ «ተሰረቀብኝ» ብላ ነገረቻት። ማታ ግን በጀነራሏ አልጋ ላይ ቦታ ተለቀቀላት፤ በልጆቹ መሐል ተጣብቃ ሲነበብ ሰማች። ከቤት ከወጣች ወዲህ ሆድ ያልባሳት የመጀመሪያ ማታ እሱ ነበር።

ዛሬ ተራው የእሷ ነው። እንደ ዛሬም ጉጉቷ አናቷ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ጠዋት የጀነራሏ ወንድም አምስተኛውን ክፍል አምጥቷል። አራተኛው ያለቀው ጀግናው ልጅ በርእሰ መምህሩ ጢም ውስጥ ገብቶ እንደ ጠፋ ነው። ሳቂታ ዓመት ሙሉ ያን ልጅ ስትፈልገው ከርማለች። መጽሐፉን ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚያነብ የምትወስነው ደግሞ የዶርሙ አለቃ ጀነራሏ ናት፤ ቃሏንም ሰጥታለች። «ጭማቂውን በሥርዓቱ አሳልፊ፣ ከእኔ ቀጥሎ አንቺ ነሽ» ብላታለች።

«እሺ፣ ቀጥኗል ካላችሁ» አለች ጀነራሏና ከማዕዘኑ አንድ ሳፋ ጎትታ አመጣች። ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። ሳፋው ውስጥ ያደረው የእሷ ካልሲ ነበር። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ ጨምቃ አወጣችና ጥቁሩን ውሃ ባልዲው ውስጥ ደፋችው።

ሳቂታ እንጨቱን ለቀቀችው። «ይሄ እኮ መጽሐፉ ላይ የለም!»

«ማጣፈጫ ነው።»

«ጀነራል፣ በሞቴ፣ ይሄ የእግር እድፍ ነው!»

«አንቺ ነሽ የምትጠጪው?» አለችና ጀነራሏ ሳቀች። መነጽርም ሳቀች፤ ግን ዓይኗን ከመጽሐፉ አላነሳችም። ባልዲው ቀፈፋት። ካልሲውን የጨመቀው እጅ ቀፈፋት። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ምን አገባኝ ብላ እንጨቱን መልሳ ስትይዝ የገዛ እጇም ቀፈፋት። እሷ እንዳልሆነች ሁሉ ማማሰሏን ቀጠለች።

አዲሷን ልጅ ጠሯት። ከመጣች ገና ሳምንት ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት። ነጠላ ጫማዋ አዲስ ስለሆነ እርጥቡ ወለል ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። በሩ ጋ ስትደርስ አፍንጫዋ ተሸበሸበ፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ እሷ እያዩ ስለነበር ቶሎ ብላ ፊቷን በፈገግታ አስተካከለች። ሳቂታ ያን አየች። ፈገግታውን ታውቀዋለች፤ ራሷ ባለፈው ዓመት ለብሳው ነበር።

«‹ዝቅዝቅ ግንብ›ን አንብበሻል?» ጠየቀቻት ጀነራሏ።

«አላነበብኩም።»

«ያንተ ያለህ! የምን ፋራ ነው የላኩብን? መነጽር፣ አንብቢላት።»

መነጽር ምዕራፉን እየተወነች አነበበችው። መንፈሱን በአፍንጫዋ እየተናገረች፣ የሚያድጉትን ጆሮዎች በእጇ እየሳበች። ጀነራሏ ምዕራፉን በቃሏ ስለምታውቀው ገና ሳይደረስበት ትስቃለች። ሳቂታም እንደ ልማዷ ሳቀች። አዲሷ ልጅ ከአንዷ ወደ አንዷ እያየች ጠበቀች፤ ንባቡ ሲያልቅም በትሕትና፣

«የቱ ጋ ነው የሚያስቀው?» አለች።

ሙድ ልትይዝ ብላ አልነበረም። ከልቧ ገብቷት አብራቸው ለመሳቅ ፈልጋ ነው።

«እንዴት የቱ ጋ?» አለች መነጽር። «ጭማቂው ያስጠላላ! ሁሉም ያውቃሉ፣ እሱ ብቻ አያውቅም።»

«እሺ?»

«ከዚያ ማንጎ ነው ይሉታል።»

«እሺ?»

«ከዚያማ... ይጠጣል።» የመነጽር ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። «በቃ ይጠጣዋላ። ከዚያ ጆሮው ያድጋል።»

አዲሷ ባልዲውን አየችው። «የኔስ ምኔ ነው የሚያድገው?»

አንዱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ይላል። ሳቂታ ያን ምዕራፍ ስንት ጊዜ እንዳነበበች አታውቀውም፤ ባነበበችው ቁጥርም ሆዷን ይዛ ስቃለች። አሁን በመነጽር አፍ ተራቁቶ ስትሰማው ግን ሳቁ እንደ ሰርዲኑ ዘይት አቅለሸለሻት። መጽሐፉ ውስጥ ማንም ሆዱን አይቆርጠውም። ማንም ፎጣ አይጥልም፣ ለእናቱም አይዋሽም። አስማት ነዋ፣ ሁሉ ነገር ጆሮ ሆኖ ያልቃል።

«ጥያቄ አበዛሽ» አለች ጀነራሏና የጥርስ መፋቂያ ኩባያውን ባልዲው ውስጥ አጥልቃ ሞልታ አወጣችው። ከኩባያው ጎን የሚዝረከረከውን ወለሉ ላይ አራገፈችና ለሳቂታ ሰጠቻት። «በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ኩባያው ለብ ብሏል፤ ለብ ማለቱ ነው ይበልጥ ያስጠላት። ሳቂታ ወደ አዲሷ ልጅ ዘረጋችው። ልጅቷ ተቀበለችና ወደ ውስጥ አይታ ቀና አለች።

«አንቺ ጠጥተሽዋል?»

«አዎ፣ አምና።»

«እውነት ማንጎ ማንጎ ይላል?»

ጀነራሏ ከኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች። አምስተኛው ክፍል አልጋዋ ላይ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ተቀምጧል። ሦስት ቃል ብቻ ናት፤ ከዚያ ማታ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ከጀነራሏ ቀጥላ መጽሐፉን ታነባለች። ሳቂታ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ጣፈጣት። የምታውቃት ሴት ልጅ የካልሲ እጣቢ ልትጠጣ ቆማ ሳለ ውሸት ምላሷ ላይ ጣፈጣት! ከባልዲው ይልቅ ይህ ቀፈፋት።

«አይልም» አለች።

«ምን?» አለች ጀነራሏ።

«ማንጎ አይልም። የከረመ ወጥ ቤት ነው የሚለው። የኔ ውስጥ ካልሲ አልነበረበትም፣ እሱንም ፎጣዬ ላይ አስመልሼዋለሁ። ስንት ሳምንት ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር እየመጣብኝ ወደ ላይ ይለኝ ነበር።» ወደ መነጽር ዞረች። «አንቺም ጠጥተሽ ታውቂዋለሽ። አውቀሽ ነው ማንጎ ያልሽኝ።»

መነጽር መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውል ጀመር። እንዳልቆሸሸ ሁሉም ያውቃል።

ጀነራሏ አልጮኸችም። ሳትጮህ ስትቀር ነው የምታስፈራው። «ጥሩ» አለች። «ማንም ማንንም አላስገደደም። መጠጣት የማትፈልግ አትጠጣ። ማታ ስናነብ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ምርጫው የራሷ ነው።»

አዲሷ ልጅ ወደ ኩባያው አየች። ከዚያ ወደ በሩ፣ በበሩም በኩል ወደሚታዩት አልጋዎች። የሷ መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው ነው።

«ችግር የለውም» አለች ቀስ ብላ። «እጠጣዋለሁ።»

ሳቂታ ይህን አልጠበቀችም። እውነቱን ከተናገረች ነገሩ ያበቃ መስሏት ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ኩባያውን ወደ አፏ ስትወስድ ግን፣ እውነት ብቻውን ኩባያ እንደማይደፋ ገባት። ዘልላ ከእጇ ነጠቀቻትና የመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ገለበጠችው። ግማሹ እጇ ላይ ፈሰሰ። ሙልጭልጭ የሚል ቁራጭ ነገር በጣቶቿ መሐል ሲሾልክ ጀርባዋ ድረስ ዘገነናት።

«ማን ጠየቀሽ?» ጮኸች አዲሷ ልጅ። ፊቷ ቀልቷል። «እኔ እጠጣለሁ አልኩ አይደል? አንቺ ጓደኞች አሉሽ! ምን አግብቶሽ?»

ልጅቷ ልክ ናት፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጓደኞች ነበሯት።

«አምስተኛውን በዓይንሽ አታዪውም» አለቻት ጀነራሏ። «ስድስተኛውንም፣ ሰባተኛውንም። ልጁ ከጢሙ ወጣ አልወጣ ብሎ የሚነግርሽ ሰው ካለ ደግሞ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።»

ሳቂታ ለአንድ መጽሐፍ ይህን ያህል ማልቀስ እንደሚያምራት አታውቅም ነበር፤ ከጀነራሏ ፊት ግን አላለቅስም ብላ ጥርሷን ነከሰች። እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ስትከፍት ገንዳው እንደ ተደፈነ አየች። የደፋችው ነገር አልወረደም፤ ፀጉሩን ይዞ እዚያው ተኝቷል። ባልዲውም ያው እንደ ሞላ ነው። ሰኞ ደግሞ ሌሎች አዳዲስ ልጆች እንደሚመጡ የዶርም ተቆጣጣሪዋ በቁርስ ሰዓት ነግራቸዋለች።

«ተዪው፣ ይቀመጣል» አለች ጀነራሏ ሐሳቧን እንዳነበበች ሁሉ። «እስከ ሰኞ ይበስላል።»

ሳቂታ ገንዳው ውስጥ እጇን ሰደደች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው አድርጋ፣ የተኛውን ሁሉ በመዳፏ ዝቃ ባልዲው ውስጥ መለሰችው። አንዴ ወደ ላይ አላት፤ ዋጠችው። ከዚያ የባልዲውን ማንጠልጠያ በሁለት እጇ ያዘች። ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው የውጭ ሽንት ቤት ድረስ ግቢውን ማቋረጥ አለባት፤ ቅዳሜ ስለሆነ ግቢው ሰው አያጣም።

«እስኪ እናያለን» አለች ጀነራሏ። የሚያግዛት አልነበረም። መነጽር የመጽሐፉን ገጾች ታገላብጣለች፤ አንዱንም ግን አታነብም።

በየእርምጃው ባልዲው እየተላጋ እግሯ ላይ ይረጫል። ነጠላ ጫማዋ ውስጥ የገባው ነገር በጣቶቿ መሐል ይንሸራተታል። የዶርሙ የውጭ በር ጋ ስትደርስ ተዘግቶ አገኘችው። ባልዲውን ብታስቀምጠው መልሳ የምታነሳው አልመሰላትም፤ ስለዚህ በክርኗ ለመግፋት ሞከረች። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው።

ከኋላዋ ሲጥ ሲጥ የሚል ኮቴ ሰማች። አዲሷ ልጅ መጣች። አኩርፋለች፤ ዓይኗም ገና እንባ አለበት። ሳቂታን ላለማየት ፊቷን አዙራ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ግጥም አድርጋ ያዘች፤ በሌላው እጇ በሩን ሳበችላት።

«ቶሎ በይ» አለች በተያዘ አፍንጫዋ። «ይገማል።»

«በጣም» አለች ሳቂታ፤ ባልዲውን እንዳንጠለጠለች ወደ ግቢው ወጣች።