ዘጠነኛው ረቂቅ

ደራሲዋ እናቷን ከቀበረች ስድስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አንዲት ዘለላ እንባ ከዓይኗ አልወጣችም። ሐዘንተኛው ሲንሰቀሰቅ እሷ ወንበር ትደረድር፣ ብርጭቆ ትሰበስብ ነበር። ታላቅ እህቷ ይህን አይታ ተቀየመቻት።

«ልብሽ ድንጋይ ነው እንዴ?»

«እንጃ» አለች። ውሸቷን አልነበረም።

የቀራት ሥራዋ ብቻ ነው። የጻፈችው የቴሌቪዥን ድራማ የመጀመሪያው ክፍል በአንድ ወር ውስጥ ለቀረጻ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ጣቢያው ሰዓቱን ለሌላ ይሰጠዋል። ስምንት ጊዜ ጻፈችው፣ ስምንት ጊዜ ተመለሰባት። በመጨረሻ ትዕግሥቷ ያለቀባት ፕሮዲዩሰር አንድ አርታኢ መደበችላት።

አርታኢውን መጀመሪያ ያገኘችው የጣቢያው ሕንፃ ደረጃ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ እሷ ስትወጣ እሱ ሲወርድ ተጋጩና የያዘው የወረቀት ክምር ደረጃውን ሞላው። አብራው ስትለቅም የገዛ ድርሰቷ መሆኑን አየች። ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል።

«ይህን ሁሉ ስህተት አገኙብኝ?» አለችው።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ እስከ ጆሮው ቀላ። «ስህተት አይደለም። ጥያቄ ነው።»

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይገናኙ ጀመር። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ታርማለች። የሴቶቹን ንግግር ድምፁን አቅጥኖ ሲያነብ በቀጭኑ ግድግዳ ማዶ ያለችው ጸሐፊ በሳቅ ትፈርሳለች። ደራሲዋም እዚህ ላይ መሳቅ እንደሚገባ ታውቃለችና ፈገግ ትላለች።

ያስቸገራቸው አሥራ ሁለተኛው ትዕይንት ነበር። ዋና ባለታሪኳ ልጅ የአባቷን ሞት በስልክ ትሰማለች።

«አላመንኳትም» አለ አንድ ቀን። «ትጮኻለች፣ ትወድቃለች። ግን ጩኸቱ ከሰው የተዋሰችው ይመስላል።»



«እኔም እንዲያ አልሆንኩም» አለች ቀስ ብላ። «የእናቴን ሞት ሲነግሩኝ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሰማሁ፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ ልብሱን አለቅልቄ አሰጣሁት። እስከ ዛሬም ምንም አልተሰማኝም።»

እግዜር ያጽናዎት አላላትም። አይዞዎትም አላላትም። እርሳሱን አስቀምጦ ዓይን ዓይኗን አያት፤ እሷም አላቀረቀረችም።

«እንግዲያው ይሄንኑ ጻፊው» አለ። ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ… ይጻፉት ማለቴ ነው።»

«ጻፊው ይሻላል» አለች።

ዘጠነኛውን ረቂቅ በአራት ቀን ጨረሰችው። ልጅቷ ስልኩን ትዘጋለች፣ ልብሷን ታሰጣለች፤ ሌላ ምንም የለም። አንብቦ ሲጨርስ ተነሥቶ ጀርባውን ሰጥቷት መስኮቱ ጋ ቆመ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ቀናችበት።

ቀረጻው አንድ ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻው ቅጂ ተላከላት። አሥራ ሁለተኛውን ትዕይንት ገለጠች። ልጅቷ ትጮኻለች፣ ትወድቃለች፣ ሙዚቃ ይገባል።

መናደድ እንዳለባት አውቃለች፤ ቁጣው ግን አልመጣ አላት። እሱ ደጋግሞ ሲደውል አላነሳችም። በመጨረሻ ስልኳን አጠፋችው።

ተዋንያኑ ለንባብ በተሰበሰቡበት ቀን የእሱ ወንበር ባዶ ነበር። ስሙም ከድርሰቱ ሽፋን ላይ የለም።

«አርታኢውስ?» ብላ ዳይሬክተሩን ጠየቀችው።

«አልሰማሽም እንዴ? ፕሮዲዩሰሯ ‹ተመልካች እንባ ይፈልጋል› ብላ ትዕይንቱን ስትለውጠው፣ እሱ ‹ደራሲዋ ሳትፈቅድ አንድ ቃል አይነካም› ብሎ ድርቅ አለ። አሰናበተችው። ስልክ ደውሎልሽ ነበር፣ አይደል?»

 በቀጥታ ፕሮዲዩሰሯ ቢሮ ገባች።

«ወይ ልጅቷ ልብሷን ታሰጣለች፣ ወይ ድርሰቴን ይዤ እወጣለሁ።»

ድምፅዋ ውስጥ ንዴትም ልመናም አልነበረም፤ ሴትዮዋን ያስፈራት ይኸው ነው። ተዋንያኑ በር ላይ ተኮልኩለው ያያሉ።

«እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን» አለች ፕሮዲዩሰሯ በረጅሙ ተንፍሳ። «ሰውዬሽንም መልሺው።»

ሰውዬሽ ማለቷን ደራሲዋ ልብ ያለችው ወደ እሱ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ነው።

በሩን ሲከፍትላት ጢሙ አድጓል። እንዳያት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ይግቡም ግቢም ማለት ቸገረው።

«ስልክህን ያላነሳሁት የከዳኸኝ መስሎኝ ነው» አለችው።

«ገምቻለሁ።»

«ትዕይንቱ ተመልሷል። አንተም ተመልሰሃል።»

«ደስ አለሽ?»

«እንጃ።» ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «እውነቱን ልንገርህ? ወድጄህ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሁሉ ነገር ደንዝዞብኛል። ግን ጠዋት ስነሣ እግሬ ወደዚያች ጠባብ ክፍል ይሄድብኛል።»

«ለጊዜው እግርሽ ይበቃኛል» አለ። «ሌላው ሲደርስ ይደርሳል። እጠብቃለሁ።»

ገብታ ተቀመጠች። የከሰዓቱ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ይሰማል። አጠገቧ ቁጭ አለ እንጂ እጇን አልያዘም። 

«ርቦኛል» አለች በድንገት።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሰውነቷ አንድ ነገር ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

እሱ ይህን ከየት ያውቃል? ብድግ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ። የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ «እንቁላል አለ… ዳቦም ያለ መሰለኝ!» ሲል ሰማችው።

ጫማዋን አወለቀችና ልታግዘው ተከትላው ገባች።