ከአልጋው ሥር የሚመጣው ሽታ

ሟቹ የተገኘው መኖሪያ መኪናው ውስጥ፣ ከአልጋው ግርጌ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ዕድሜውን በጭነት መኪና ሹፌርነት ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ገዝቶ ከሚስቱ ጋር አገር ላገር ይዞር የነበረ ደስተኛ ሰው ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቷል፤ ጥፋተኛውም «ተገኝቷል»። የሟች አማች፣ የጋዝ መስመር ሠራተኛው፣ በካቴና ታስሮ ግቢው በር ላይ ቆሟል። መኪናው አንዳንዴ ጋዝ ጋዝ ይሸታል ሲባል ደጋግሞ ፈትሾ «ደህና ነው» ያለው እሱ ነዋ! ሚስቱ፣ የሟች ልጅ፣ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። አባቷን የገደለው የባሏ ቸልተኝነት ከሆነ ዳግመኛ አንድ ጣሪያ ሥር እንደማይኖሩ ለሰማት ሁሉ ተናግራለች። ከሞቱ አሟሟቱ ማለት ይህ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «አፍንጫዬ» ይሏታል፤ ለሹፈት ነው። ከአንድ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ምግብ ሲያርርባት እንኳ የምትነቃው ጭሱን ስታይ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ሸተተኝ» ሲል እሷ «መቼ?» ብላ ትጠይቃለች።

በመኪናው ጎን ያለውን የሲሊንደር ሳጥን ከፈተች። የሲሊንደሩ መክፈቻ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ብድግ ልታደርገው ብትሞክር ወገቧን ሊቆርጣት ደረሰ።

«ይሄ መቼ ተቀየረ?» ብላ ወደ ታሳሪው ዞረች።

«ትናንት እኔው ነኝ ሙሉውን ያስገባሁለት።»

«ሽታውን ስትፈትሽ ምን አደረግህ?»

«መጋጠሚያውን ሁሉ ሳሙና ቀባሁት፤ አንዲት አረፋ አላወጣም። እኔ ጋ ሲቆም ደግሞ ሸቶ አያውቅም። ከዋሸሁ እሳት ይብላኝ!»

«አንተ ጋ ሲቆም መብራት ይሰካለታል?»

«የምን መብራት? መንገድ ዳር እኮ ነው የሚቆመው።»

መኪናው ያደረው በሟች ታናሽ ወንድም ግቢ ነው። ወንድምየው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን ጋራዡ ከቤቱ ጀርባ አለ። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። «ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት። ጋዝ ነው፣ ተው ብዬ ስንቴ ነገርኩት!» እያለ ደረቱን ይደቃል።

የሟች ሚስት፣ ባልቴቷ፣ የወንድምየው ቤት ሳሎን ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ ሽታው የሚመጣው መቼ መቼ ነበር?»

«መንገድ ላይ ምንም የለም ልጄ። የሆነ ቦታ ቆመን መብራት ሰክተን ስናድር ግን የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው! ራሴን ስላዞረኝ ትናንት እዚህ ቤት ተኛሁ። እሱ ከአልጋዬ ንቅንቅ አልልም አለ።»

«ጋዙን ሳይዘጋ ይተኛል?»

«እሱ? ከነጫማው ቢተኛ ይቀለዋል!»

«ጠዋትስ ምን ሰሙ?»

«ልብስ ሳጥብ የመኪናው በር ተከፈተ። ወንድሙ ሊቀሰቅሰው ነው አልኩ። አጥቤ፣ ጨምቄ፣ አስጥቼ ስጨርስ ነው ጩኸቱ የመጣው።»

«ቀለበትዎ ምነው ጠቆረ?»

«ብር ነው። ትናንት አልጋው ሥር ካለው መሳቢያ ረስቼው፣ ዛሬ ሳወጣው ከሰል መስሎ አገኘሁት።»

መርማሪዋ ወደ መኪናው ተመልሳ ፍራሹን ገፈፈች፤ አልጋው የተሠራበትን ጣውላም እንደ ክዳን አነሳችው። ከሥሩ ለመኝታ ክፍሉ መብራት የሚሰጥ የሚያብረቀርቅ ባትሪ ተቀምጧል። ከዚያ ጋራዡን አስፈተሸች፤ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሌሊቱን ጋዝ ፈስሶ ቢሆን ሲሊንደሩ ይቀል ነበር» አለች። «ከነሙላቱ ነው፤ ምድጃውም ዝግ ነው። ሟቹ ዘግቶት የተኛውን ሲሊንደር፣ ጋዝ የገደለው እንዲመስል ሌላ ሰው ጠዋት ከፈተው። የማብሰያ ጋዝ ደግሞ ብር እንዲህ አያከስልም። እንቁላል እንቁላል የሚሸት፣ ብር የሚያጠቁር፣ መብራት ሲሰካ ብቻ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ቻርጅ በዝቶበት የሚፈላ ያረጀ ባትሪ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትንፋሹ መርዝ ነው።»

«ባትሪው እኮ አዲስ ነው!» አለ ወንድምየው።

«ባትሪው አዲስ፣ የሽቦው ጫፍ ግን አረንጓዴ ዝገት፤ የተቀመጠበትም እንጨት በአሲድ ተበልቷል። ዛሬ ጠዋት ነው የተቀየረው። አሮጌው ጋራዥህ ውስጥ ጆንያ ለብሶ ተገኝቷል። ሆዱ አብጧል፤ አሁንም ትኩስ ነው።»

«አጎቴ!» አለች ልጅቷ። «አሮጌውን አዲስ ነው ብለህ ለአባዬ በስጦታ ያስገባህለት አንተ አይደለህ እንዴ?»

ወንድምየው እንደ መቀመጥ አለ። «አንድ ክረምት ይገፋል ብዬ ነበር… ሽታውን ሳውቀው አፈርኩ። ጋዝ ነው ብለው ሁሉም ሲያምኑ ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ ፈራሁ።»

ልጅቷ ወደ ባሏ ሄዳ ግንባሯን ካቴናው ላይ ደፋች። «ይቅር በለኝ» አለችው። እሱም በታሰሩ እጆቹ ፀጉሯን ዳበሰ።

መርማሪዋ ግን አልጨረሰችም።

«ሰው ተኝቶበት የአልጋው ክዳን አይነሳም። ወንድምህ አልወደቀም። ባትሪውን ለማውጣት አቅፈህ ወለሉ ላይ ያወረድኸው አንተ ነህ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሕይወቱ ያለፈው ከነጋ በኋላ ነው ብሏል። ስታቅፈው ይተነፍስ ነበር?»

«እኔ… አላየሁም። ቸኩዬ ነበር።»

ባልቴቷ ከተቀመጠችበት ተነስታ ፊቱ ቆመች። ሁሉም ትመታዋለች ብለው ነበር። እሷ ግን የጠቆረውን ቀለበት እያሻሸች በዝግታ ተናገረች።

«ያን የሚያህል ባትሪ ተሸክመህ በዚያ በር አውጥተሃል። ወንድምህን ግን ወለሉ ላይ ተውከው።»