የሃያ ሁለተኛው ረድፍ አድራሻ

«እጅሽን አንሺ አልኩሽ እኮ!» ሪስቲን ጮኸች።

ቱቫ አላነሳችም። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የሃያ ሁለተኛውን ረድፍ ዋና ኬብል ነቀለችው። የስድስቱ ልጃገረዶች የማሟሟቂያ ጨዋታ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«የቤታችሁን የኢንተርኔት ሳጥን አምጥታችሁ እየሰካችሁ ሰው ትበጠብጣላችሁ» አለች ቱቫ፣ ተነስታ ጉልበቷን እያራገፈች። «ክልክል ነው ተብሎ መግቢያው ላይ ተጽፏል። ማንበብ ይከብዳል?»

«ምንም ሳጥን አላመጣንም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሪስቲን የልጃገረዶቹ ቡድን መሪ ነበረች። ከኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ አጋዘን ከሚረባበት ከፊንማርክ፣ ቀንና ሌሊት በአውቶቡስ ተጉዘው ነው የመጡት። ግጥሚያቸው ሊጀመር ትንሽ ቀርቶታል። ቱቫ ግን ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች።

በየዓመቱ በፋሲካ እረፍት አምስት ሺህ ሰው ለኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር ኮምፒውተሩን ታቅፎ እዚህ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ይከትማል። ቱቫ አብዛኞቹን ትንቃቸዋለች። በካልሲ ሽንት ቤት ይመላለሳሉ፤ ኪቦርዳቸው ላይ ቺፕስ ያራግፋሉ፤ ኢንተርኔት ከግድግዳ እንደ ውሃ የሚፈስ ይመስላቸዋል። እሷ ግን በአሥራ አምስት ዓመቷ የኔትወርክ ቡድኑን አረንጓዴ ሰደርያ ለብሳለች።

ሥራዋ አድራሻ ማደል ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ የሚባል የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ቁጥር ከያዙ የአንዱ መልእክት የሌላውን በር ያንኳኳል፣ ሁለቱም ይደነባበራሉ። ስለዚህ ለየረድፉ የተለየ የቁጥር ክልል ይሰጣል፤ የቱ ለማን እንደተሰጠም ይመዘገባል። ከቤት የመጣ ሳጥን በዘፈቀደ ቁጥር እያደለ ይህን ያበላሻል። ይህን ሁሉ ያስተማራት ጎረቤቷ ሲንድሬ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቡድኑ ውስጥም ያስገባት እሱ ነው። ጠዋት የሠላሳ አንደኛው ረድፍ ልጆች መስመራችን ይቆራረጣል ብለው ሲያማርሩ፣ «ሃያ ሁለቶች የቤት ሳጥን ሰክተው ነው፣ ሂጂና ንቀይው» ያላትም እሱ ነው።

እውነትም ኬብሉ ሲነቀል የሠላሳ አንድ መስመር ተስተካከለ። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ክፍል የኔትወርክ ቡድኑ ልጆች አጨበጨቡላት። የቡድኑ ኃላፊ ኦድኒ ደግሞ፣ «የሃያ ሁለትን ልጆች ከአዳራሹ ማስወጣት ሊኖርብን ነው» አለች፤ ደስ ሳይላት።

ቱቫ ብልሽቱን «ተፈቷል» ብላ ለመዝጋት ቁጭ አለች። ስክሪኑን ስታይ ጣቷ ቆመ። ሃያ ሁለተኛው ረድፍ ተነቅሏል። አድራሻዎቹ ግን አሁንም እየሠሩ ነው። ፊልም ያወርዳሉ፣ ይጫወታሉ።

የት እንዳሉ ተከታትላ አገኘቻቸው። ሠላሳ አንድ ላይ ናቸው። ያ ረድፍ ባዶ መሆን ነበረበት፤ ማንም ክልል አልጠየቀለትም፤ ጠዋት ይህን ልብ አላለችውም። አርፍደው መጥተው የተቀመጡበት የሲንድሬ ጓደኞች ናቸው።

ሲንድሬን ዋፍል የሚባለውን ቂጣ በቡናማ አይብ ሲገምጥ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው።

«የሃያ ሁለትን ክልል ለጓደኞችህ ሰጠህ?»

«ኧረ ቀስ!» ግራ ቀኝ አየ። «ተይዟል ብዬ አላሰብኩም። ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺ ደሞ! አንቺን ጠይቄ፣ ቆሜ ጠብቄ፣ መዝግበሽ... ቁጥር እኮ ነው ቱቫ፣ መሬት አይደለም።»

«ሳጥን ሰክተዋል ያልከኝስ?»

«የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ።» አፉን ጠረገ። «ስሚ፣ ኦድኒ ከደረሰችበት 'እኔ ነኝ በስህተት የሰጠሁት' በያት። ልጅ ነሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። እኔን ግን በመኸር መሥሪያ ቤቷ ለልምምድ ልትወስደኝ ነው። አስገብቼሽ የለ?»

«ልጆቹስ? ሊባረሩ ነው።»

«እነዚያ አጋዘን አርቢዎች?» ሳቀ። «ለአንድ ጨዋታ አይሞቱም። አታካብጂ።»

ቱቫ ቀና ብላ አየችው። አገጩ ላይ የዋፍል ፍርፋሪ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አነጋገሩን እየቀዳች፣ እንደሱ ከላይ ወደ ታች ሰው እያየች ኖራለች። «ማንበብ ይከብዳል?» ያለችው እንኳ የእሱ አባባል ነው።

ትታው ወደ ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ሄደች። ተንበርክካ ኬብላቸውን ነቀለች።

«እንዴ! ማነሽ አንቺ?» ጎረምሶቹ ከየወንበራቸው ተነሱ።

«ከኔትወርክ ነኝ።»

«ሲንድሬ ያውቃል?»

«አሁን ያውቃል» አለችና ወደ ሃያ ሁለት አመራች።

ልጃገረዶቹ ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ጀምረው ነበር። ቱቫ ኬብሉን መልሳ ሰካች። ሪስቲን እጆቿን አጣምራ ቁልቁል ታያታለች።

«ሳጥን አልነበራችሁም» አለች ቱቫ።

«እሱንማ ነግረንሽ ነበር።»

«ስህተቱ... ከእኛ ነው።»

«ቅድም ምላስሽ እንዲህ አይተሳሰርም ነበር።» ሪስቲን ብርድ ልብሱን ከስክሪኗ ላይ ገፈፈችና ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «ቶሎ በሉ፣ እንደርሳለን!»

ከዚያ በኋላ ቱቫን ዞራም አላየቻት። ቱቫ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ግን ራሷም አላወቀችም።

ትከሻዋ ላይ የተሰካው መገናኛ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። ኦድኒ ናት። «ቱቫ፣ ሠላሳ አንድን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ? ሲንድሬ እዚህ አጠገቤ ነው። ቁጥሩንም በስህተት የሰጠሽው አንቺ ነሽ ይላል። አይዞሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። እንደዚያ ነው?»

ከበስተኋላ የሲንድሬ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱን በቀልድ እያሳቀ ነበር።

ቱቫ ቁልፉን ተጫነች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሌላውን መጥቼ እነግርሻለሁ። ሲንድሬ እንዳይሄድ።»

ቁልፉን ለቀቀችና በረድፎቹ መካከል ወደ መድረኩ መራመድ ጀመረች።