በታታሚው ጠርዝ ላይ የተገኘው ጫማ

ወይዘሮ ሞሪዋኪ ቶሚዬ በታታሚው ምንጣፍ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ለቁም ጽሕፈት ቀለም የሚፈጩበት ጥቁር ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ደም አለበት። በጃፓኗ ከተማ በካናዛዋ ከጧት ጀምሮ የያዘው ዝናብ አላባራም።

ኢንስፔክተር ኩዜ ሚዶሪ ሬሳውን አይታ ስታበቃ ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ። ከምንጣፉ ጠርዝ ወዲህ፣ በኮሪደሩ እንጨት ላይ፣ አረንጓዴ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አፍንጫው ወደ ኮሪደሩ ዞሯል።

«የሽንት ቤቱ ጫማ ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ ታታሚማ በምንም ጫማ አይረገጥም» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ነገሩ ግልጽ ነው። በዚህ ጫማ ቤት ውስጥ የሚዞር የውጭ አገር ሰው ብቻ ነው።»

የውጭ አገሩ ሰው ኩሽና ተቀምጧል። ክዌሲ ይባላል፤ ከጋና የመጣ ወጣት ነው። በሳምንት ሁለት ማታ እዚህ ቤት ለሰፈሩ ሰዎች እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ሟቿ ደግሞ ቀን ቀን ጃፓንኛ ያስተምሩት ነበር። ዛሬ ከታሰረ የመኖሪያ ፈቃዱ እንደማይታደስለት ያውቃል።

«ቀትር ላይ የጃፓንኛ ትምህርቴን ጨርሼ ወጣሁ» አለ። «እትዬ ስኒ እያጠቡ ነበር።»

«ሽንት ቤት ገብተህ ነበር?»

አቀረቀረ። «እዚህ ቤት? ዓመት ሊሞላው ነው፣ ገብቼ አላውቅም።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት በዚያ ጫማ ታታሚው መሀል ድረስ ገባሁ። ቤት የነበሩት እትዬና የወንድማቸው ልጅ ሹንጂ ብቻ ናቸው፤ ሹንጂ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬ ግን ምንም ሳይሉ ተንበርክከው ምንጣፉን ወለወሉ። ከሳቁ ይልቅ ያ ገደለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲመጣብኝ ባቡር ጣቢያው ድረስ እሮጣለሁ።»

ሬሳውን ያገኙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኦኖዴራ ናቸው፤ ከክዌሲ ተማሪዎች አንዷ። ዓይናቸው አብጧል፣ አፋቸው ግን አልቦዘነም።

«የእኛ መምህር? በእረፍት ሰዓት ጃንጥላውን ይዞ ሲሮጥ ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል! ‹ሽንት ቤቱ ውስጥ እባብ አይተሃል ወይ?› እንለዋለን። ይሽኮረመማል እንጂ አይመልስም።»

«በመጀመሪያው ቀን ስላጋጠመው ነገር ሰምተዋል?»

«ምን አጋጠመው? እኔ ከወር በኋላ ነው የገባሁት።»

ሹንጂ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቤቱን ለሆቴል ሠሪዎች እንድትሸጥ አክስቱን ሲጨቀጭቅ መክረሙን አልደበቀም።

«በሕይወት እያለሁ አይሆንም ትለኝ ነበር። ማታ ማታ ለሚመጣ አንድ አስተማሪ ብላ! ጫማውንስ አላዩም? ልማዱ ነው።»

«ልማዱ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«አምና... መጀመሪያ የመጣ ጊዜ።»

«ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ሲማር ገብተው ያውቃሉ?»

«እንግሊዝኛ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ኩዜ ሦስቱንም ሟቿ ወደወደቁበት ክፍል በር ጠራቻቸው።

«ይህን ጫማ ተመልከቱ» አለች። «ወደ ክፍሉ የገባ ሰው አወለቀው እንበል። አፍንጫውን ወደ ውጭ ያዞረው ሲመለስ ሊያጠልቀው ነው። ታዲያ ለምን አላጠለቀውም? ደንግጦ በባዶ እግሩ ሮጠ ብንል እንኳ፣ በር ላይ ያለን ጫማ በሩጫ ሳይገጨው አያልፍም፤ ይህ ግን ጎን ለጎን እንደተቀመጠ ነው። እኔ ግን ማንም ያጠለቀው አይመስለኝም። በእጅ መጥቶ የተቀመጠ ነው።»

«ታዲያ በመምህሩ ላይ የሚያመካኝ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ኦኖዴራ።

«እርስዎ አይደሉም። መምህሩ እዚህ ሽንት ቤት እንደማይገባ ያውቃሉ፤ የሚማረው ሁሉ ያውቃል። ይህን ያደረገው ሰው የዱሮውን ስሕተት ያየ፣ የዛሬውን ልማድ ግን ያልሰማ ነው። ስሕተቱን ያዩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሞተዋል።»

ሹንጂ ሳቀ። «በሁለት ላስቲክ ልትከሱኝ ነው?»

«አንድ ነገር ግን ያስቀኛል» አለች ኩዜ ድምፅዋን ሳትቀይር። «መምህሩ በስሕተቱ ታታሚው መሀል ነበር የገባው። እሱን ለማስመሰል ከፈለጉ ሬሳው አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ መጣል ነበረብዎት። ምን አስፈራዎት?»

«የሽንት ቤት ጫማ? ታታሚ ላይ? የአክስቴ ክፍል ውስጥ እንዴት አድርጌ...»

አፉን ያዘ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ድንጋዩን ያነሳሁት ላስፈራራት ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን።

ሹንጂን ይዘውት ሲወጡ ክዌሲ እዚያው ቆሞ ነበር። ሂድ ያለው የለም፤ የከለከለውም የለም።

«መምህር» አሉ ወይዘሮ ኦኖዴራ አፍንጫቸውን እየጠራረጉ፣ «ሐሙስ የት ነው የምንማረው?»

«ያለኝ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። አንበቃም።»

«ጉልበት ለጉልበት እንቀመጣለና! ሻይ እኔ አመጣለሁ።»

ክዌሲ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የመጣለት ግን በየትኛውም ቋንቋ ያልሆነ ልቅሶ ነበር።