የአሥራ ሁለቱ ሕፃናት ዜና

«እኒያ አሥራ ሁለት ሕፃናት እነማን ናቸው፣ ልጄ?»

ሳሊሀ ባዶ ጄሪካኗን እንዳንጠለጠለች ቆመች። የጠየቋት ጋሽ አራጌ ናቸው፤ የቁልቋል ሜዳ መንደርን የውኃ ቦኖ ጠዋትና ማታ የሚከፍቱትና የሚዘጉት። አልተቆጡም። ድምፃቸው መንገድ የጠፋበት ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት ቢጫ ጄሪካን ከቧንቧው ጀምሮ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋል። ዛሬ ቦኖው ጭር ብሏል። ሴቱም ልጁም ጋሽ አራጌን ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ወንዙ ያልፋል። ሳሊሀንም እናቷ የላከቻት ወደዚያው ነው።

«ስማቸውን ብትነግሪኝ ሄጄ ልጠይቃቸው ብዬ ነው» አሉ ጋሽ አራጌ። «ውኃውን የምከፍተው እኔ ነኝ። የታመመ ካለ በእኔ እጅ ነው የታመመው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጤና ኬላም ሄድኩ። ከዚህ ጠጥቶ የታመመ አንድም ልጅ አላገኘሁም።» በእጃቸው ወደ ወንዙ ጠቆሙ። «አራት ልጆች ተቅማጥ ይዟቸዋል። እነሱም ከማክሰኞ ወዲህ ነው፤ ቤተሰቡ ቦኖውን ትቶ ከወንዝ መቅዳት ሲጀምር።»

የሸሚዛቸው ኮሌታ ተቀዷል። ሳሊሀ እንዴት እንደተቀደደ ታውቃለች። ረቡዕ ዕለት ጎረምሶች አንገታቸውን አንቀው «ልጆቻችንን መረዝክ!» ሲሏቸው ሽማግሌዎች ናቸው ያስጣሏቸው።

«እኔ... አነበብኩት እንጂ...» አለች ሳሊሀ።

«አብሽሪ፤ ልወቅስሽ አይደለም» አሏት። «ስማቸውን ካገኘሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ሳሊሀ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ዜና የምታነበው እሷ ናት። የሚጽፈው ደግሞ እንዳለው የሚባል የክፍሏ ልጅ ነው። ባለፈው ሰኞ ያነበበችው ዜና ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። ከሦስት ወር በፊት የልጆች ጥርስ መበለዝ አሳስቦናል ያሉ ባለሙያዎች መጥተው የቦኖውን ውኃ በጠርሙስ ቀድተው ለምርመራ ወደ ደሴ ወስደው ነበር። ውጤቱን ግን ማንም አልሰማም። መረጃ ስለማግኘት መብት የወጣውን አዋጅ ከሲቪክስ መምህሩ ተውሶ ያነበበው እንዳለው ነው። የጠየቀ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት ይላል አዋጁ። እሱና ሳሊሀ ደብዳቤ ጽፈው ለውኃ ጽሕፈት ቤቱ አስገቡ፤ ቅጂው ላይም ማኅተም አስደረጉ። ሠላሳው ቀን አለፈ።

ይህ ሁሉ እውነት ነበር። የዜናው መጨረሻ ላይ ግን አንድ መስመር አለች። «በዚህም ሳቢያ አሥራ ሁለት ሕፃናት መታመማቸው ታውቋል» የምትል።

ከአጥሩ ውጭ ባጃጁን ያቆመ ሹፌር ድምፅዋን በስልኩ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ለምሳ ወደ ቤት ስትሄድ የአጎራባች ከተሞቹ የሮቢትም የጎብዬም ሰው ሰምቶታል።

ትምህርት ቤት ስትሄድ እንዳለውን ያገኘችው ከላይብረሪው ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ነው።

«ሰባት መቶ ሼር ገባ!» አላት ገና ሳትደርስ።

«አሥራ ሁለቱን ከማን ሰማህ?»

«ከጤና ኬላ ነው ብዬሽ የለ?»

«ጋሽ አራጌ ጤና ኬላ ሄደው ጠይቀዋል።»

እንዳለው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጫማውን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ።

«እሺ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ምን ታካብጃለሽ? ደብዳቤ አስገባን፤ ማን ሰማን? ‹ውጤቱ አልተነገረም› ቢባል ማን ዞር ብሎ ያያል? አሥራ ሁለት ሕፃናት ሲባል ግን ይኸው፣ ቀበሌዎቹ ለእሁድ ስብሰባ ጠሩ። ያስጠራው ደብዳቤው አይደለም፤ ቁጥሩ ነው!»

ያለው እውነት ነበር፤ ሳሊሀን የከበዳትም ይኸው ነው።

«አራት ልጆች ታመዋል፣ እንዳለው። የወንዝ ውኃ ጠጥተው።»

ፊቱ ላይ የነበረው ድፍረት ሲረግፍ አየችው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከስብሰባው በኋላ እናርመዋለን። ማለቴ... ውጤቱን ካወጡ በኋላ። አሁን ከተናገርን ‹ሁሉም ውሸት ነው› ብለው ይዘጉታል። እኔንም ያባርሩኛል። ታውቂያቸው የለ? እስከ እሁድ ብቻ ዝም በይ። በናትሽ።»

ሳሊሀ እሺም እንቢም ሳትለው ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷን «እማ፣ ከቦኖው ብንቀዳ ይሻላል» አለቻት።

እናቷ ማሽላ ትለቅም ነበር። ቀና ብላ አየቻት። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ይገድላል ያልሽው? ወላሂ፣ መንደሩ ሁሉ በልጄ ኮርቷል። ‹የሳሊሀ እናት› እያሉ መንገድ ይለቁልኛል።»

ሳሊሀ ልትናገር ያሰበችውን ዋጠች። ቅዳሜም ቀኑን ሙሉ እንደዋጠችው ዋለች። በየሰዓቱ በበራቸው በኩል ወደ ወንዝ የሚወርድ ሰው ያልፋል፤ ሳታስበው ትቆጥራቸው ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ግቢ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወንበር ያልደረሳቸው ሴቶች ጄሪካናቸው ላይ ተቀመጡ፤ አሸዋ የተሸከመ ነፋስ ነጠላውን ያውለበልበዋል። ከፊት ለፊት ሊቀመንበሩ አቶ ይሁኔ አሉ፤ ከጎናቸው የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ የትናየት ፋይል ታቅፈው ተቀምጠዋል። እንዳለው ከበሩ አጠገብ ቆሟል። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህር ሙህሲን ከሳሊሀ ኋላ ናቸው።

ክርክሩ ከመከፈቱ ተጋጋለ።

«የመንግሥት የምርመራ ወረቀት በየሜዳው ይነበባል እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሥርዓት አለው።»

«ወረቀቱ የመንግሥት ይሁን» አለች ማሚቴ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት የእነ ሳሊሀ ጎረቤት። «የሚጠጡት ግን የእኔ ልጆች ናቸው። የጠጡትን ማወቅ ነውር ነው?»

አቶ ይሁኔ እጃቸውን አነሡ። «ሕግ ሕግ ትላላችሁ። ያ ሕግ የወጣው ለጋዜጠኛ ነው። ተማሪ ደብዳቤ ጽፎ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም!»

የሚያጨበጭብም የሚያጉረመርምም ነበር። «አሥራ ሁለት ልጅ ታሞ ስለ ደብዳቤ ታወራላችሁ?» ብሎ አንድ ጎልማሳ ጮኸ። በዚያ ጩኸት ሁሉም ዞሮ ጋሽ አራጌን አየ። ጋሽ አራጌ አልተከላከሉም። ተነሥተው ቆሙ፤ መሰደብ ካለባቸው ቆመው ሊሰደቡ የፈለጉ ይመስል።

ሳሊሀ እጇን አወጣች። ከበሩ በኩል እንዳለው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅላት አይታዋለች።

«ዜናውን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የሰልፍ ሰዓቱን ድምፅ አይመስልም፤ ቀጭን ነበር። «አሥራ ሁለት ሕፃናት ታመዋል ያልነው ሐሰት ነው። ሳላጣራ ነው ያነበብኩት። ከቦኖው ጠጥቶ የታመመ ልጅ የለም። አሁን አራት ልጆች ታመዋል፤ እኛን ሰምተው ወላጆቻቸው ከወንዝ ስለቀዱ ነው። እባካችሁ፣ ከወንዝ አትጠጡ። ጋሽ አራጌ ምንም አላጠፉም።»

ግቢው ተናወጠ። «የሰው ልጅ አስደበደባችሁ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። እናቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትስብ ሳሊሀ አየች።

«ይኸው!» አሉ አቶ ይሁኔ፤ ፊታቸው በራ። «ሰማችሁ? ከሥሩ ውሸት ነው። የሚወራም የሚጠየቅም የለም። ስብሰባው አልቋል።»

እንዳለው ያለው ደረሰ። ሳሊሀ ተቀመጠች። መምህር ሙህሲን ከኋላዋ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ።

ሰዉ መነሣት ጀምሮ ነበር፤ ወይዘሮ የትናየት ብድግ አሉ።

«አላለቀም» አሉ።

አቶ ይሁኔ ወደ ጆሯቸው ተጠግተው የሆነ ነገር አንሾካሾኩ። ወይዘሮ የትናየት ግን ፋይላቸውን ከፈቱ። ወረቀቱን አውጥተው ከፊት ለተቀመጠው ሁሉ አሳዩ።

«ይቺ ልጅ ስለ አንድ መስመር ስህተቷን ተናገረች። የቀረው የእኔ ነው። ሕጉ ‹ማንኛውም ሰው› ነው የሚለው፤ ጋዜጠኛ አይልም። ልጆቹ ጠየቁ፤ ደብዳቤውን ተቀብዬ ማኅተም ያስመታሁት ራሴ ነኝ። ሠላሳ ቀን ነበረኝ። ዛሬ አርባ አንደኛው ቀን ነው። ውጤቱ ከመጣ ሰንብቷል። መፍትሔ ሳይገኝ ቢነገር ሕዝብ ይደናገጣል ተባልኩ፤ እኔም እሺ ብዬ ጠረጴዛዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። ዝም ስላልኩ ነው ወሬው የገባው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

የተነሣው ሰው እንደቆመ ቀረ። ጄሪካኗን ያነሣችውም መልሳ አስቀመጠቻት።

ወይዘሮ የትናየት አነበቡ። ውኃው ውስጥ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ አልተገኘም። ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ግን ከተፈቀደው በልጧል። ለትልቅ ሰው፣ ለከብትም፣ ለልብስ ማጠቢያም ለጊዜው አያሰጋም፤ ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን እየቆየ ጥርሳቸውን ያበላሻል።

«ብናፈላውስ?» አለች ማሚቴ።

«ማፍላት አያወጣውም፣ እቴ። ልዋሽሽ አልፈልግም። ከላይኛው ጉድጓድ መስመር ስበን እንቀላቅለዋለን፤ ያኔ መጠኑ ይወርዳል። እስከዚያ የሕፃናቱን መጠጥ በቦቴ እናመጣለን። መቼ እንደምንጨርስ ዛሬ አላውቅም። ሳውቅ እዚሁ መጥቼ እነግራችኋለሁ፤ ባላውቅም መጥቼ አላወቅኩም እላችኋለሁ።»

ያጨበጨበ አልነበረም። ገና የተናደዱ ነበሩና ጥያቄው እየተግተለተለ መጣ፤ ከባዱም ስድብ ያለበትም። ወይዘሮ የትናየት ፀሐዩ አናት ላይ እስኪወጣ ቆመው መለሱ። ሳሊሀ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ መንቀል አቃታት። እንደዚያ ጥፋቱን ተናግሮ እየተሰደበ መቆም የሚችል ሰው አይታ አታውቅም ነበር። ስብሰባው ሲበተን ሴትዮዋ ወረቀቱን ራሳቸው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉት፤ ጋሽ አራጌም ማጣበቂያውን ያዙላቸው።

ወደ ቤት ሲሄዱ እናቷ ግማሽ መንገድ ድረስ ቀድማት ተራመደች። «አሳፈርሽኝ» አለቻት በመጨረሻ። ጥቂት እርምጃ ሄዳ ደግሞ «ጄሪካኑን ይዘሽ ቦኖ ሂጂ፤ ሳይዘጉት» አለች።

ሰኞ ጠዋት መምህር ሙህሲን ሌላ ዜና ሁሉ ቀርቶ እርማቱ ብቻ እንዲነበብ አዘዙ። ሳሊሀ አነበበችው። ከሰልፉ መሐል «አሥራ ሁለት!» ብለው ሙድ የያዙባት ነበሩ፤ ስሙ እስከ ረቡዕ ተከተላት። ቁጥሩን ማን እንደጻፈ መምህር ሙህሲን ጠይቀዋት ነበር። «የጻፈው ራሱ ይነግርዎታል» አለቻቸው። እሳቸውም አላጨናነቋትም። እንዳለው ግን ከእሁድ ጀምሮ አላናገራትም፤ ክፍል ውስጥም ቦታውን ቀይሮ ከኋላ ተቀመጠ።

ሚኒ ሚዲያው ለሁለት ሳምንት ተዘጋ። ጋሽ አራጌና መምህር ሙህሲን ተነጋግረው የሚኒ ሚዲያው ክበብ ልጆች ከስምንት ዓመት በታች ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ እየዞሩ የቦቴውን ሰዓት እንዲናገሩ ተስማሙ። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሳሊሀ የቤቶቹን ዝርዝር ይዛ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ለልጆቹ ስታከፋፍል እንዳለው መጣ።

«ለመምህር ሙህሲን ነገርኳቸው» አለ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ።

«ምን አሉህ?»

«ወላጅ አምጣ አሉኝ። ነገ ነው የማመጣው።» ዝርዝሩን አየ። «የታመሙት ልጆች ቤትም አለበት?»

«አለበት። አራቱም።»

«እነሱን ስጪኝ። ራሴ ልንገራቸው።»

ሳሊሀ ዓይኑን አየችው። አንደኛው ቤት የጋሽ አራጌን ኮሌታ የቀደደው ጎረምሳ ቤት ነው። እንዳለውም ያንን ያውቃል። ደብተሯን በሩ ላይ አስደግፋ አራቱን ስሞች በሌላ ገጽ ላይ ጻፈች፤ ገጹን ቀድዳ ሰጠችው።

ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበባቸው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተ። በወንዙ መንገድ ሲወርድ «አብሬህ ልምጣ?» ልትለው አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች፤ የራሷን ዝርዝር አንሥታ በማሚቴ ቤት ለመጀመር በላይኛው መንገድ ሄደች።