መልስ የማይነገርበት ቤት

በዘርማት ምድር ፀሐይ አመድ ለብሳ በወጣችበት ማለዳ የእንቅልፍ ጉም ከባሕር ተነሥቶ ከተማይቱን ዋጠ። ጉሙን የተነፈሰ ይተኛል፤ የተኛም ቀስ በቀስ ይሞታል። ከገዛ ዘመዱ እጅ በቀር የሚያነቃው የለም፤ ዘመዱ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ሊቃውንቱ ሊመክሩ ተሰበሰቡ፤ ሲከራከሩም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ማሬዳ ታናሽ ወንድሟን ዶርሐንን አስከትላ የእሳት ተራሮችን ተሻገረች፤ መድኃኒቱ በመጻሕፍት ቤት አለ ይባል ነበርና። ከደጃፉ ሲደርሱ ዶርሐንን ከከተማው ሲወጣ የተነፈሰው ጉም ያዘው።

«እማማ፣ ከእግርዎ ሥር ወደቅሁ! መድኃኒቱን ይንገሩኝ!» አለች።

የቤቱ ጠባቂ እመት ሴልባ የልጁን ትንፋሽ አዳመጡ። «አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ግን በዚህ ቤት መጻሕፍት ላይ ያለው ድግምት ክፉ ነው። ከነገርኩሽ አንድ ሰው ይድናል፤ ከዚያ መልሱ ከመጽሐፉም ከሰውም ልብ ይጠፋል። ራስሽ ፈልገሽ ካገኘሽው ግን ይኖራል። ወንድምሽን ነው ወይስ ሀገርሽን?»

ዶርሐን ዓይኑ እየተከደነ፣ «እታለም፣ በእናታችን አጥንት! ፈልጊ» አላት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ማሬዳ የወርቅ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ አነሣች፤ የተራራ ማር ያድናል ይላል። ማር ደግሞ በስልቻዋ ነበር፤ በደስታ ጮኸች።

«ማን ጻፈው? ጉሙን አይቶት ያውቃል?» አሉ እመት ሴልባ።

አላየውም፤ ማር ነጋዴ ነበር።

አሮጊቷ ማውጫ እንዴት እንደሚገለጥ፣ አንዱ ጸሐፊ በሌላው እንዴት እንደሚመዘን አሳዩዋት። መልሱን ግን እንባቸው እየወረደ አልነገሯትም። ያን ያህል መጽሐፍ የሞላበት ቤት ጭር ያለ ነበር፤ የሚሰማው የወንድሟ ትንፋሽ ብቻ። በመጨረሻ በጥንት ዘመን ከመጣው ጉም የተረፉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ጸሐፍት በአንድ የዕፅ ሥር ላይ ሲስማሙ አገኘች። ቀና ስትል ትንፋሹ ቆሟል።

ቀበረችው። መጻሕፍቱን በግመል ጭና ወደ ከተማዋ ተመለሰች።

ኢልሜታ የምትባል ሸማኔ የተኛ ልጇን ታቅፋ መጣች። «አንቺ ታውቂያለሽ! ንገሪኝ እንጂ፣ ልጄ ሊያመልጠኝ ነው!»

ማሬዳ ከጎኗ ተቀምጣ መጽሐፍ ከፈተችላት። ኢልሜታ ረገመቻት፣ ተፋችባት፤ ከዚያ ማንበብ ጀመረች። እየተሳሳተች፣ እየመለሰች፣ ሥሩን ራሷ አገኘች። በገዛ እጇ አጠጣችው፤ ልጁ ነቃ። ከእሷም በኋላ ሌሎች እንዲሁ አገኙ፤ ጉሙም የሚያስተኛው ሰው አጥቶ ወደ ባሕሩ ተመለሰ።

ከተማይቱ በእልልታ ስትናጥ ኢልሜታ ልጇን እየመራች ማሬዳን ብቻዋን ከተቀመጠችበት አገኘቻት።

«ያን ቀን ስረግምሽ እንዴት ቻልሽው?»

«እኔም እመት ሴልባን ረግሜያቸዋለሁ» አለች ማሬዳ፤ ልጁን ለማየት ግን ዓይኗን ማንሣት አቃታት።